«ይቻላታል» ወይስ «ይገባታል»? (ስለ ጥፍርና ስለ ከንፈር ቀለም)

ውጫሌ ለታሪክ ተማሪ ሁሉ የአንዲት ቃል አገር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል ሃያ አንቀጽ ነበረው። ከሃያው አንዱ፣ አሥራ ሰባተኛው፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ያንኑ ነገር ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በ«ይቻላል» እና በ«ይገባል» መካከል የነበረው ስንጥቅ እየሰፋ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተዘጋ።

እኛ ዛሬ ይህን ማንሣታችን ስለ መንግሥታት ለመጻፍ አይደለም። ስለ ጥፍር ቀለም ልንጽፍ ነው። አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ ይሣቅ። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ በየቀኑ የሚጣሉበት አንድ ሌላ ስፍራ አለ ብለን እናምናለን፤ እርሱም የሴት ልጅ ፊትና እጅ ነው። አንዲት ልጃገረድ ከንፈሯን ስትቀባ «ይቻላታል» ብለን ዝም እንላለን። ሳትቀባ ስትቀርስ? ያን ጊዜም ዝም እንላለን ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን በቀለም ላይ ሲቀርቡ የኖሩትን ክሶች አንድ በአንድ መመርመር ይገባናል።

የመጀመሪያው ክስ «መቀባት መዋሸት ነው» የሚለው ነው። ከፈላስፎች ወገን ይህን ክስ አጥብቆ ያቀረበው አፍላጦን (ፕላቶ) ነው። «ጎርጊያስ» በተሰኘው ድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስ ሰውነትን በእውነት የሚያሳምረው የአካል ማጎልመሻ ነው ይላል፤ ኩልና ቀለም ግን የዚያ አስመሳይ ነው፣ ልክ የወጥ ቤት ሙያ የሕክምናን ቦታ እንደሚቀማ ሁሉ። ባጭሩ፣ የራስ ያልሆነን ውበት ተውሶ መታየት ሽንገላ ነው ማለቱ ነው።

ክሱ ከባድ ይመስላል። ግን እስቲ እናስብበት። ውሸት እንዲኖር የሚታለል ሰው መኖር አለበት። ደማቅ ቀይ ጥፍር ያየ ሰው «ይህች ልጅ ጥፍሯ ቀይ ሆኖ ተወለደ» ብሎ ያስባል እንዴ? አያስብም። ቀለሙ «እኔ ቀለም ነኝ» እያለ በግልጽ ይናገራል። የቅኔ ተማሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሰሙ ወርቁን የሸፈነው ወርቁ እንዲፈለግ ነው፣ ባለቅኔውንም ዋሾ ያለው የለም። ስለዚህ ራሱን የሚያውጅ ቀለም ከውሸት ነፃ ነው እንላለን። የአፍላጦን ክስ የሚይዘው ራሱን የሚደብቀውን ነው። ቆዳን የሚያነጣ ክሬም ራሱን ይደብቃል፤ ዓላማው «ይህ ተፈጥሮዬ ነው» ተብሎ እንዲታመን ነው። ቀዩ ጥፍር ይጫወታል፣ የሚያነጣው ክሬም ግን ይክዳል። ሁለቱን በአንድ ስም «መኳኳል» ብሎ መጥራት ራሱ የፍርድ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ክስ «ባዕድ ነው» የሚል ነው። ይህ ክስ በተለይ የእኛ፣ የተማሪዎች፣ ክስ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናየው ይገባል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ የልብስ ፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች «የባህል ኢምፔሪያሊዝም ነው» ብለው ተነሡ። ትርዒቱን ሊያዩ የመጡትን ሴቶች ሰደቡ፣ አዋከቡ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ያ ትውልድ ብዙ መልካም ነገር አውርሶናል፤ «መሬት ላራሹ» ያለ ትውልድ ነው። አንድ ድሃ አገር የሌላውን ፋሽን እየጠበቀ ኪሱን እንዲያራግፍ የሚያደርግ ገበያ መኖሩንም በትክክል አይቷል። ሆኖም ገበያውን ሊመታ የሰነዘረው እጅ ያረፈው በገበያው ላይ ሳይሆን በሴቶቹ ላይ ነበር። ሱፍ ልብስና ክራባት አድርጎ፣ ጎፈሬውን በሚዶ አበጥሮ የመጣውን ወንድ «ከየት ያመጣኸው ልብስ ነው?» ያለው አልነበረም።

ደግሞስ ቀለም ከመቼ ወዲህ ነው ባዕድ የሆነብን? በአምባሰልም ሆነ በሐይቅ፣ በየጁም ሆነ በቦረና፣ የእንሶስላን ሥር ወቅጦ እጅና እግርን ማቅለም ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ለዐረፋና ለኢድ፣ ለሠርግም ሂና ይታሰራል። ዓይን ይኳላል። የእናቶቻችን ድድና አንገት ተነቅሷል፣ ጸጉራቸው በቅቤ ይወዛል። ዛሬ ከጠርሙስ የሚወጣው ብልጭልጭ ነገር አዲስ ቢሆንም፣ እጅን አቅልሞ ወደ ድግስ መሄድ አዲስ አይደለም። ጠርሙሱ ራሱ የሚያስገርም ታሪክ አለው፤ የጥፍር ቀለም ዋና አካል የሆነው ናይትሮሴሉሎስ ጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራበት ቅመም ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውቶሞቢል ቀለም ሆኖ ተስፋፋ። ከመድፍ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ጥፍር ማለት ነው።

ሦስተኛው ክስ ከሃይማኖት በኩል ይመጣል። የስብከት ቤት ሁልጊዜ የሚጠቅሰው ኤልዛቤልን ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 9 ቁጥር 30 ዓይኗን ተኩላ በመስኮት ትመለከታለች። ሰባኪው ግን እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መጽሐፈ ኢዮብን ቢገልጥ፣ ጻድቁ ኢዮብ ከመከራው በኋላ ለወለዳት ሦስተኛ ልጁ ያወጣላት ስም በዕብራይስጡ «የኩል ቀንድ» ማለት እንደሆነ ያገኛል። በእስልምናም በኩል ኢስሚድ የተባለው ኩል በሐዲስ የተመሰገነ ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱ ኩሉን ብቻውን አልረገሙም።

ይሁንና ከሃይማኖተኛ ጓደኞቻችን አንድ ቁም ነገር ተምረናል። ሙስሊሟ ጓደኛችን ሂና ታስራለች፣ የጥፍር ቀለም ግን በሶላት ቀን አትቀባም። ምክንያቱን ስትነግረን፣ ሂና ወደ ውስጥ ዘልቆ ያቀልማል፣ ውሃም ጥፍሩን ያገኘዋል፤ የጠርሙሱ ቀለም ግን በላዩ ሽፋን ስለሚሠራ የውዱእ ውሃ አያሳልፍም አለች። ክርስቲያኗም ልትቆርብ ስትል ከንፈሯን ጠርጋ ትሄዳለች። በሁለቱም ዘንድ ነገሩ ሲመረመር፣ ሰው ከፈጣሪው ፊት ሲቆም በመካከል ሽፋን አይኑር ነው። ይህ ክልከላ የልጅቱን ፊት አይንቅም፤ እንዲያውም ፊቷ እንዳለ ይበቃል ይላታል። ይህን ሐሳብ ወደ ኋላ ስለምንፈልገው እናቆየው።

ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳንፈርድ ብለን ደግሞ ሙከራ አደረግን። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከመኪና የሚወርደው ዕቃ ሁሉ አይቀርባትም። ከአንዲት ሱቅ ገባን። ሴቶችም ወንዶችም ነበርን። ባለሱቋ «እናንተ ልጆች፣ አብሽሩ፣ ካልወደዳችሁት አሴቶን አለ» ብለው አምስት ጠርሙስ ደረደሩልን።

ያየነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ደማቁ ቀይ በሁለት ቅብ ብቻ ሞላ፤ በጠይም እጅ ላይ እንደ በርበሬ ዛላ ያምራል፣ ነገር ግን በእጅ ልብስ ለሚያጥብ ሰው በሦስተኛው ቀን ከጫፉ ይላጣል። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከሁሉ ተስማማን፤ በጥቁሩም በቀዩም እጅ እኩል ገባ፣ ሲላጥም ብዙ አያስታውቅም። ወርቃማው ለሠርግ እንጂ ለትምህርት ቤት አይሆንም፤ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የሚቆም ጣት ሁሉ ያየዋል። ፈዛዛው ሮዝ ሦስት ጊዜ ተቀብቶም ኖራ መሰለ፤ ነጭ ዱቄት ስለሚበዛበት በጠይም ቆዳ ላይ ይገረጣል። አምስተኛው «ኑድ» የሚል ስም አለው፤ ራቁት፣ ማለትም ያልተቀባ የሚመስል የሥጋ መልክ ማለት ነው። ከእኛ እጅ ጋር ስናስተያየው ግን የማናችንንም ሥጋ አልመሰለም። የማን ራቁትነት ነው ታዲያ? የእኛ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ነገር ተራ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ «ሥጋ» የሚል ስም የነበረው የክራዮላ ኩባንያ የልጆች መሳያ ቀለም ስሙ ወደ «ኮክ» የተለወጠው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፋኟ ሪሃና በ2017 እ.ኤ.አ. 40 ዓይነት የፊት መደብ ቀለም ይዛ ገበያ ስትወጣ ዓለም የተደነቀው፣ ከዚያ በፊት የጥቁር ሰው መልክ በጠርሙስ ውስጥ በቂ ቦታ ስላልነበረው ነው። የቀለም ስም የሚያወጣ ሰው «ሰው» ሲል ማንን እያሰበ እንደሆነ በስሙ ይታወቃል።

ከሙከራው ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ግን ከጠርሙሶቹ አልመጣም። ከመካከላችን አንዱ ወንድ ትንሿን ጣቱን ብቻ በወይን ጠጁ ቀለም ተቀብቶ ወጣ። አንዲቷ ልጅ ደግሞ አሥሩንም ጣቶቿን ባዶ አድርጋ አብራን ሄደች። በመንገዱም በሻይ ቤቱም ሁለቱ ብቻ ተጠየቁ። ወንዱን «ምን ነካህ፣ ለምን ተቀባህ?» አሉት። ሴቷን «ጓደኞችሽ ተቀብተው አንቺ ለምን አልተቀባሽም? ታመሻል እንዴ?» አሏት። የተቀቡትን ሴቶች ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ያልተቀቡትንም ወንዶች እንዲሁ።

ከዚህ አንድ መመዘኛ አወጣን። አንድ ነገር የተፈቀደ ይሁን ወይስ የተገደደ ለማወቅ ሕግ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ምክንያት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ብታደርገውም ባታደርገውም «ለምን?» የማትባል ከሆነ በእውነት ተችሏታል። ስትተወው ብቻ «ለምን?» የምትባል ከሆነ ግን፣ በአፋችን «ይቻላታል» እያልን በዓይናችን «ይገባታል» ብለን ፈርመናል ማለት ነው። ቅጂው ሁለት ነው፣ የምናነብላት አንዱን፣ የምናስከፍላት በሌላው።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ አገራችን ወሎ እንመለስ። «ወሎ የቆንጆ አገር» መባል የምንኮራበት ነገር ነው። ዘፈኑ ይለዋል፣ መንገደኛው ይለዋል፣ እኛም እንለዋለን። ነገር ግን ምስጋና ሲደጋገም ዕዳ ይሆናል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ቆንጆ ለማየት ዓይኑን አዘጋጅቶ ይወርዳል፤ የሚያያት ልጅም ለማታውቀው ሰው ያልገባችውን ቃል እንድትፈጽም ይጠበቅባታል። ስታምር «የወሎ ልጅ» ትባላለች፤ ሳታምርስ የማን ልጅ ልትባል ነው? ለመስተንግዶ ሥራ ስታመለክት «ዝግጁ ሆነሽ ነይ» የምትባለው ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለሠርጓ ፊቷ በሁለት ዓይነት ቀለም ካልነጣ «ሙሽራ አልመሰለችም» ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ጠይሟ ልጅ ናት። «ልጅቱ ጥቁር ናት፣ ግን ታምራለች» ሲባል ያቺ «ግን» የምትባለው ቃል በአንዲት ልጅ ላይ ስንት ዓመት ስትሠራ እንደምትኖር አስቡት። ፍራንዝ ፋኖን በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ ጥቁር ቆዳና ስለ ነጭ ጭምብል መጽሐፍ ሲያወጣ የመረመረው ይህንን ቁስል ነው።

ቁስሉም የነፍስ ብቻ አይደለም። አንዳንድ የሚያነጣ ክሬም ሜርኩሪ ይዞ ይመጣል፤ ሜርኩሪ ቆዳ መልኩን የሚሠራበትን ሜላኒን ይከለክላል፣ ወደ ሰውነት ገብቶም ኩላሊትን ይጎዳል። ሌላው ሐኪም ያላዘዘው ጠንካራ ስቴሮይድ ይዟል፣ ቆዳን ያሳሳል። በሜርኩሪ ላይ የወጣው የሚናማታ ስምምነት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መኳኳያ እንዳይመረት ከልክሏል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አባል አገሮቹ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ በ2025 እንዲቀር ተስማሙ። የራሳችንም ኩል ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ከጋሌና የሚፈጨው ኩል እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት አለበት፣ ለሕፃናት ዓይን የሚኳል ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። «የአገር ስለሆነ አይጎዳም» ማለት «የውጭ ስለሆነ ይጎዳል» ከማለት አይሻልም።

ዋጋውን የምትከፍለው ተቀቢዋ ብቻም አይደለችም። በብዙ የከንፈር ቀለም ውስጥ የሚገባው ካርሚን የተባለ ቀይ ቀለም የሚገኘው በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከሚባል ተባይ ነው። ይህ ተባይ ለቀለሙ ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ ከታሰበለት ስፍራ አምልጦ፣ በክረምት የድሃውን ሆድ የሚደግፈውን በለስ በደቡብ ትግራይ በሰፊው አጥፍቷል። ከእኛ ቆላማ ጎረቤት አገር ማለት ነው። በአንድ ሩቅ ከተማ ከንፈር የሚቀላበት ነገር በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ምን እንዳደረገ ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ስለ ቀለም ሥነ ምግባር መናገር የሚሻ ሰው ከልጅቱ ከንፈር አይጀምር፤ ከፋብሪካውና ከአስመጪው ይጀምር።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንቀበል። «በኅብረተሰብ ውስጥ ስንኖር የሚገቡን ነገሮች ብዙ ናቸው» ሊባል ይችላል። «ያልታጠበ ሰውም ለምን አልታጠብክም ይባላል፤ ታዲያ መታጠብ ግፍ ነው?» ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሳችን፣ መመዘኛው ግዴታን ያሳያል እንጂ ግዴታ ሁሉ ግፍ ነው አይልም የሚል ነው። ግዴታው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ በሁሉ ላይ እኩል ያርፋል ወይ? የሚጠቅመውስ ማንን ነው? መታጠብ በወንዱም በሴቷም፣ በሀብታሙም በድሃውም ላይ ያርፋል፤ አጠገባችን ያለውንም ሰው ከበሽታ ይጠብቃል። የመቀባት ግዴታ ግን ያረፈው በአንድ ወገን ላይ ብቻ ነው፣ የሚከፈለውም ከእርሷ ኪስና ከእርሷ ቆዳ ሆኖ የሚጠቀመው የተመልካች ዓይን ነው። ይህ ጎረቤትን ከመጠበቅ ይልቅ ግብርን ይመስላል።

«ታዲያ ቀለሙ ይጣል?» ለሚለንም መልሳችን አይጣል ነው። ቀለም ደስታ ነው። ገበሬው በሬውን አጊጦ ለበዓል ሲያወጣ፣ እናት የሞሰቡን አክርማ ቀይና አረንጓዴ ስታደርግ፣ «ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ የለም። ልጃገረድም በፈተና ማግስት ጥፍሯን ወርቃማ ብታደርግ ደስ ስላላት ይሆናል፤ ደስታ ከምክንያት ሁሉ ይበቃል። በሃይማኖተኞቹ ጓደኞቻችን ያቆየነው ሐሳብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙን የማስለቀቂያው ሰዓት በእጇ ያለ ሰው ቀለሙን ትገዛዋለች። ጠርጋው ወደ ጸሎት፣ ወደ ክፍል፣ ወደ ገበያ መሄድ የምትችል ሰው ስትቀባም ነፃ ናት። ባዶ ፊቷን ይዛ ከደጅ መውጣት የምትፈራን ግን ቀለሙ ይገዛታል፤ የምትፈራውም በራሷ ድክመት አይደለም፣ ከደጅ ውጭ የቆምነው ብዙዎች ስላስፈራናት ነው።

ስለዚህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ወንዶች ተማሪዎች በመጀመሪያ ከዳኝነቱ ወንበር እንውረድ። የተቀባችውን «ፋሽን አበዛች»፣ ያልተቀባችውን «ራሷን ጣለች» የሚለው አንዱ አፍ ነውና፣ ያ አፍ ይዘጋ። ሴቶች ተማሪዎችም በመኝታ ክፍል መስተዋት ፊት ያቺን «ግን» የምትባል ቃል እርስ በርሳችን እንተዋት፤ ከወንዶቹ ይልቅ እኛ አብዝተን እንደምንላት እናውቃለን። የሚያነጣ ክሬም የሚገዛ ጓደኛ ካለን ከመሳለቅ ይልቅ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን እንንገራት፤ የተሰደበ ሰው ክሬሙን ደብቆ ይቀባል እንጂ አይተወውም። ሌላ ሰው ደግሞ በመንገድ «ለምን ተቀባሽ?» ወይም «ለምን አልተቀባሽም?» ቢላት፣ «ስለሚቻለኝ» ብላ ትለፍ። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አይጠበቅባትም።

የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ በተለይም በግዴታና በንጽሕና ላይ ያቀረብነው መልስ አልበቃኝም የሚል ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እኛም አንብበን እንመልሳለን።